ፀሐይዋ ነፃ ናት፤ የሚያስከፍለው ሌሊቱ ነው

አያቴ ቤት፣ ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት ብርቱካንማ የፕላስቲክ ሳጥን ተሰቅላለች። በ2010 ዓ.ም. ከመጀመሪያ ደመወዜ ቆጥቤ የገዛኋት የሶላር ሳጥን ናት። ለሦስት ዓመት ያህል አራት አምፖል አብርታለች፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ ቻርጅ አድርጋለች። ዛሬ አያቴ መርፌና ክር ያስቀምጡባታል። ፓኔሉ ግን አሁንም ቆርቆሮው ላይ አለ። ዝናብ ያጥበዋል፣ ቁራ ያርፍበታል፣ ፀሐይ ጠዋት ማታ ትመታዋለች።

ባለፈው ገና ለመጠየቅ ስሄድ ማታ ኩራዝ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። የአክስቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። ደብተሯን ወደ ኩራዙ አስጠግታ፣ ጭሱ አይኗን እያቃጠላት፣ አንዴ ቀና አንዴ ደፋ እያለች ታነባለች። አያቴ እሷንም እኔንም አየት አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፀሐይቱ እኮ አልሄደችም። መብራቱ ለምን ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። «ተበላሽቶ ነው እማማ» ብዬ አለፍኩት። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «ሌላ ከምትገዢልኝ የሄደበትን ምክንያት ብታውቂ ይሻላል» አሉኝ።

እውነት ለመናገር ሌላ ልገዛ አስቤ ነበር። ግን ምን ገዝቼ? ያው ተመልሶ የክር ሳጥን ሊሆን? አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ጥያቄያቸው አልለቀኝም። በፀሐይ ያልተቸገረ አገር በፀሐይ መብራት ማግኘት ይህን ያህል ለምን ከበደው? ይህ ጽሑፍ ለአያቴ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

*

በመፈክራችን ልጀምር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያን ቱሪዝም የመሠረቱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለአገሪቱ አንድ የማይረሳ ስም አወጡላት፤ የ13 ወር ፀጋ። በእንግሊዝኛው «የ13 ወር ፀሐይ» ማለት ነው። አየር መንገዱም፣ ፖስተሩም፣ ፖስታ ካርዱም ይህንኑ አስተጋባ። ፀሐያችንን ለፈረንጅ ሸጥንለት ማለት ነው። መጥቶ ሞቆ፣ ፎቶ አንስቶ እንዲሄድ።

መፈክሩ በአሃዝም ቢሆን ውሸት አይደለም። በኢትዮጵያ አብዛኛው ክፍል አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። ጀርመን የሚደርሳት 3 ገደማ ነው። ይሁንና በቤት ጣሪያ ላይ ሶላር በመስቀል ለዓለም ምሳሌ የሆነችው ጀርመን ናት። ምክንያቱ ሰማዩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ሕግ አወጡ። ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ሰው የሚያመነጨውን ኃይል ለ20 ዓመት በተቆረጠ ዋጋ የሚገዛው አገኘ። ባንኩም ይህን አይቶ አበደረ። ደመናማው አገር በሕግና በብድር ሲቀድም፣ ፀሐያማው አገር በፖስተር ቀረ።

የእኛ መብራት ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የመጀመሪያው አምፖል በጀነሬተር በራ። ከዚያ ወደ ውኃ ዞርን። በ1924 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል ተሠራ። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ተከተለ፤ የተሠራበት ገንዘብም ጣሊያን የከፈለችው የጦር ካሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካችን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ አዋሽ፣ ፊንጫ፣ ተከዜ፣ ጊቤ፣ በመጨረሻም ዓባይ። «መብራት» ስንል ውኃ ማለታችን ነው፤ ልብ ባንለውም።

ውኃ ትልቅ ነገር ይሠራል። ግን ሽቦ ይፈልጋል። ምሰሶ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ፣ ቆጣሪውን የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት፣ ገደል ገደሉን በሚለይበት አገር ደግሞ ሽቦ ቶሎ አይደርስም። አያቴ መንደር የከፍተኛ ኃይል መስመር በላይዋ ሲያልፍ ይታያል። ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። አያቴ «እንግዳ ነው፤ ሰላም ሳይል ያልፋል» ይሉታል።

*

ፀሐይን ሥራ ማሠራት የትናንት ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ኤድሞን ቤክሬል የሚባል የ19 ዓመት ፈረንሳዊ ወጣት በአባቱ ቤተ ሙከራ ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊፈጥር እንደሚችል አየ። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ፍራንክ ሹማን የሚባል አሜሪካዊ ካይሮ አጠገብ፣ መዓዲ በሚባል ቦታ፣ ረጃጅም መስተዋቶች ተከለ። በመስተዋቶቹ ሙቀት እንፋሎት እየሠራ የዓባይን ውኃ ለጥጥ እርሻ ይስብ ጀመር። ከእኛ ተራራ ወርዶ የሄደ ውኃ በፀሐይ ጉልበት ተሳበ ማለት ነው። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፣ ሥራው ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ነዳጁ ረከሰና የሹማንን መስተዋት ያስታወሰ ጠፋ።

ዛሬ ጣሪያ ላይ የምናየው ፓኔል ዘሩ የሚቆጠረው ከሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1954 አሜሪካ ውስጥ በቤል ቤተ ሙከራ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የተባሉ ሦስት ሰዎች ከሲሊከን የተሠራ የፀሐይ ሴል ለሕዝብ አሳዩ። ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ የሄደው ጠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተላከችው ቫንጋርድ 1 ሳተላይት በሶላር ሬዲዮዋን እያሠራች እስከ 1964 ድረስ ድምፅ አሰማች። እ.ኤ.አ. በ1977 እንኳ የአንድ ዋት ሴል ዋጋ 76 ዶላር አካባቢ ነበር። አያቴ ጣሪያ ላይ ያለችው ፓኔል 20 ዋት ናት፤ በዚያ ዋጋ ሴሎቿ ብቻ ከ1,500 ዶላር በላይ ያወጡ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ አንድ ዋት ከ30 ሳንቲም በታች ወርዷል፤ የዶላር ሳንቲም ማለቴ ነው።

በሌላ አነጋገር አያቴ በወጣትነታቸው ፀሐይ ቢኖራቸውም ሶላር አልነበራቸውም። ፀሐዩ ለጠፈር መንኮራኩር እንጂ ለገበሬ አልረከሰም ነበር።

*

ብዙዎቻችን ሶላር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከሞባይል ጋር ይመስለናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1985፣ አገሪቱ ገና ከድርቁ ሳታገግም፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሚቶ በምትባል የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት የሶላር ጣቢያ ተተክሎ ነበር። ጣቢያው አንድ ቦታ ላይ ሆኖ በሽቦ ወደ 300 ቤቶች መብራት ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አደገ፤ ዓላማውም የውኃ ፓምፕና ወፍጮ ማንቀሳቀስ ነበር።

ቆም ብላችሁ አስቡት። በደርግ ዘመን፣ አብዛኛው ከተማ ራሱ መብራት በሌለው ጊዜ፣ አንድ የገጠር መንደር በፀሐይ ታበራ ነበር። ያሰቡትም አምፖል ብቻ አይደለም፤ ወፍጮ ጭምር ነው። እህል ተሸክማ ሰዓታት የምትጓዝ እናት ከአምፖሉ በፊት ወፍጮውን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል?

ይሁንና ሚቶ ወደ ሌላ መንደር አልተባዛችም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በአገራችን የነበረው ሶላር በብዛት ያገለገለው የገጠር ስልክ ጣቢያዎችን ነበር። ቴሌ ማማው ሥር ጥበቃና ቴክኒሻን ነበረው፤ በጀትም ነበረው። ገበሬው እነዚህ አልነበሩትም። ያኔ ያልገባኝ፣ ኋላ ግን የአያቴን ሳጥን የፈታልኝ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ሶላር የሚሰነብተው ፀሐይ ባለበት ሳይሆን የሚንከባከበው ሰው ባለበት ነው።

ይህን በደንብ ያሳየችው ሬማ ናት። ሬማ በሰሜን ሸዋ ያለች የገጠር ከተማ ናት። ከእኤአ 2006 ጀምሮ አንድ የጀርመን የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን እዚያና በአካባቢዋ ከ2,000 በላይ ቤቶች ላይ ሶላር ተከለ። የእያንዳንዱ ቤት ፓኔል 10 ዋት ብቻ ነበር። ከሚቶ የሚለየው ሽቦ አለመኖሩ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ትንሽ ጣቢያ ሆነ። ግን ዋናው ነገር ፓኔሉ አልነበረም። ሰዉ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ለጥገና ይከፍላል። እዚያው ሬማ ላይ የሶላር ትምህርት ቤት ተከፍቶ የአካባቢው ወጣቶች መግጠምና መጠገን ተማሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ።

እኔ ሳጥኗን ስገዛ ያልገዛሁት ነገር ይኸው ነበር፤ የሚጠግን ልጅ።

*

ከሬማ በኋላ ሶላር ገበያ ወጣ። ያመጣውም በአብዛኛው የነጭ ጋዝ ውድነት ነው። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሳ ኩራዝ ማብራትም ከበደ። ሞባይል ደግሞ ገጠር ገባ። ስልኩ አለ፣ ቻርጅ የለም። ሰው ገበያ ሲወጣ ስልኩን ይዞ ወጥቶ ከፍሎ ቻርጅ ያስደርግ ነበር። በዚህ መሃል ትንንሽ የሶላር ፋኖሶች መጡ። ፓኔሏ የመጽሐፍ ያህል፣ መብራቷ የጡጦ ያህል። ብዙዎቻችሁ ዘመድ ቤት አይታችኋቸዋል።

ቁጥሩ ያስገርማል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰበሰበ መረጃ ባደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች 57 በመቶው አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ምንጭ ነበራቸው። 33 በመቶው ከመስመር ያገኛል። 24 በመቶው ከመስመር ውጭ ነው፤ ያም ባብዛኛው ሶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደግሞ በ2025 ለሁሉም ሰው መብራት ለማድረስ አቅዶ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለሆኑ መንገዶች ሰጠ። ስለዚህ ሶላር ለእኛ የሀብታም ቅንጦት ወይም የፈረንጅ ሙከራ ብቻ አልነበረም። ከአምስት ቤተሰብ አንዱ ገደማ ማታ ማታ የሚያየው በእሱ ነበር።

ችግሩ እዚህ ጋ ተጀመረ። ገበያው ውስጥ ደህናውም ገባ፣ ቆሻሻውም ገባ። በመልክ አይለዩም። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኤም-ኮፓ የሚባለው ድርጅት ሶላሩን አስቀድሞ ቤት ያስገባል፣ ሰውየው በስልኩ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ ይከፍላል። ካልከፈለ መብራቱ ይዘጋል። እቃው ከተበላሸም ሻጩ ገንዘቡን አያገኝም። ሁለቱም ወገን መብራቱ እንዲበራ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ የሆነው ኬንያ ውስጥ የስልክ ገንዘብ ቀድሞ ስለተለመደ ነው። እኛ ጋ ቴሌብር የመጣው በግንቦት 2013 ነው። ከዚያ በፊት እዚህም እዚያም በዱቤ የሸጡ ቢኖሩም፣ አብዛኛው ሰው እንደ እኔ ሙሉ ክፍያ ፈጽሞ ሳጥኑን ተሸክሞ ሄደ። ሻጩም ሁለተኛ አልታየም።

እኔ የገዛሁበት ሱቅ የአንድ ዓመት ዋስትና በማኅተም ሰጥቶኝ ነበር። በዓመት ከሁለት ወሩ ስሄድ ሱቁ ጫማ ቤት ሆኗል።

*

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። አትሽሹ፣ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው።

20 ዋት ፓኔል በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 100 ዋት ሰዓት ያመርታል። በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪው ሲያልፍ ከዚህ ላይ ሩብ ያህሉ ይጠፋል እንበል። 75 ቀረን። አራት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 2 ዋት፣ ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 40 ይወስዳሉ። ሁለት ስልክ 15 ገደማ። ትንሽ ሬዲዮ ማታ ማታ 15። ተደመረ፣ 70። ይበቃል! ሶላሩ የተሠራው ለዚህ ነበርና ሦስት ዓመት በትክክል ሠራ።

ግን ቤት ውስጥ መብራት ሲኖር ፍላጎት ያድጋል፤ ይህ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። አጎቴ ከከተማ ትልቅ ቴፕ ይዞ መጣ። መቆጣጠሪያዋ ሳጥን ባትሪው ሲደክም ቴፑን እያጠፋች አስቸገረችው። እሱም ሽቦ ቆርጦ ቴፑን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። መንደሩ ጨፈረ። ባትሪው ግን በየቀኑ እስከ ጭራሹ እየተሟጠጠ ሄደ። እንዲህ ዓይነቱ የሊድ ባትሪ በደንብ ከተያዘ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይኖራል። ጠብታ እስኪያጣ እየተጨመቀ በባዶው ካደረ ግን ዕድሜው በወራት ይቆጠራል።

ከዚያ ክረምት ገባ። የ13 ወር ፀሐይ የሚለው መፈክር የደጋውን ሐምሌ አያውቀውም። አያቴ አገር ሐምሌና ነሐሴ ጉም ከጠዋት እስከ ማታ አይገፈፍም። ፓኔሉ ከሚሰጠው ግማሹን እንኳ አይሰጥም። የደከመ ባትሪ፣ ትልቅ ቴፕ፣ ጉም። ሐምሌ 2013 ላይ መብራቱ ሄደ፤ ፀሐይ መስከረም ላይ ስትመለስ እሱ አልተመለሰም።

ለአያቴ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ፓኔል 25 ዓመት ይቆያል፤ ፀሐይ የምትቀበለው እሱ ነው። ፀሐዩን ለማታ የሚያቆየው ግን ባትሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ያልቃል። ፀሐይዋ ነፃ ናት። የሚያስከፍለው ሌሊቱ ነው። እኛ ሶላር ስንገዛ አንድ ጊዜ ከፍለን የጨረስን ይመስለናል፤ እንደ ቆርቆሮ። ሶላር ግን እንደ በሬ ነው። በየዓመቱ መኖ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ስለ ምጣዱ። ሶላር ገዛሁ ስል የአዲስ አበባ ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምጣድ ይችላል ወይ?» ነው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። የአያቴ ፓኔል ቀኑን ሙሉ የለቀመችው 100 ዋት ሰዓት፣ ምንም ሳይባክን ምጣድ ላይ ቢውል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አያቆየውም። ምጣዱ ገና አይግልም። የሙሉ ቀን ፀሐይ አንዲት እንጀራ አታወጣም ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ ጋገራ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ለዚህ ፓኔሉ ብቻ ሳይሆን ያንን ጉልበት የሚሸከም ባትሪና ኢንቨርተር ይጠይቃል፤ ዋጋው ደግሞ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ለዚህ ነው ገጠር ቤት ውስጥ አምፖሉ በሶላር፣ ምድጃው በእንጨት የሚሆነው። ብርሃን መጣ እንጂ ጭሱ አልሄደም። ሶላር የእናቶቻችንን ችግር ሁሉ ይፈታል የሚል ሰው እንጀራ ሲጋገር አላየም።

*

ከተማ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው የእኔ አይደለም፤ የማንም አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ምንም አይሰቅልበትም። ቢሰቀልስ? ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. የመብራት ታሪፍ አልተነካም ነበር። ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ ላይ የትኛው ሶላር ይፎካከራል? ከዚያ ወዲህ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ጨምሯል። ግን በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ፓኔሉም፣ ባትሪውም፣ ኢንቨርተሩም በዶላር የሚመጡ ናቸው። የዓለም ገበያ ያወረደልንን ዋጋ ምንዛሪው መልሶ ሰቀለብን።

ስለዚህ ቆጣሪ ላለው የከተማ ሰው «ቢል ለመቀነስ» ብሎ ሶላር መግዛት ብዙም አያዋጣም። መብራት ሲሄድ ላለመቸገር ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በግንቦት 2011 የተጀመረውን የፈረቃ መብራት ታስታውሳላችሁ? የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀነሰና ከተማው በፈረቃ ገባ። ዳቦ ቤቱ ሊጥ ይዞ ተቀመጠ፣ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ መለሰ። ግድብ የሚሞላው በክረምት ነው፤ ውኃው የሚጎድለው ከበጋው መጨረሻ ጀምሮ ነው። ፀሐይስ? በክረምት ትደበቃለች፣ በበጋ ትከርራለች። ያ የፈረቃ ሰሞን ጣሪያው ሁሉ ይግል ነበር። ውኃና ፀሐይ በእኛ አገር ፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። ፀሐይ ቀን ቀን ብትሠራልን ግድቡ ውኃውን ለማታ ያቆይልን ነበር። የአያቴ ትንሽ ባትሪ ያቃታትን ሥራ፣ ሌሊቱን መሸከምን፣ ለአገር ግድቡ ይሠራዋል። ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ የምናይበት ምክንያት አይገባኝም።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። በአሥራ ሦስተኛው ወር። አያቴ ያን ቀን በሬዲዮ ሰምተው ደውለውልኝ ነበር። «እንኳን ደስ ያለን» አሉኝ፤ ቀጥለውም «እኛ ጋ መቼ ይደርሳል?» አሉ። ሁለቱንም ከልባቸው ነው ያሉት።

*

ለጥምቀት እንደገና ሄድኩ። አዲስ ሶላር አልገዛሁም። የወረዳው ከተማ ላይ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ፤ ቴስተሩን ይዞ አብሮኝ መጣ። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ፓኔሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፣ የቴስተሩን ሁለት ሽቦ አስነካ። 20 ቮልት ገደማ አነበበ። «ይሄ ምንም አልሆነም» አለ። አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ፓኔሉ በየቀኑ ፀሐይ ሲቀበል ኖሯል።

ልጁ አጎቴ የቆረጠውን ሽቦ መልሶ በመቆጣጠሪያዋ በኩል አሳለፈ፣ አዲስ ባትሪ ገጠመ። ባትሪው አዲስ ሶላር ከሚጠይቀው ሩቡን እንኳ አልፈጀም። ማታ አምፖሉ ሲበራ የአክስቴ ልጅ ኩራዙን እፍ ብላ አጠፋችና ደብተሯን ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ምንም አላለችም። ማንበቧን ቀጠለች።

አያቴ ግን ልጁን አልለቀቁትም።

«ይሄ ባትሪ ስንት ዓመት ይኖራል?»

«በደንብ ከያዙት ሦስት፣ አራት ዓመት፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይቀየራል።»

«ዋጋው ይሄው ነው?»

«ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።»

አያቴ ዝም ብለው ጣታቸውን ቆጠሩ። ከዚያ ለአክስቴ የሳምንት የእንቁላል ገንዘብ ላይ የምትነሳ አንዲት ብር በሳጥን እንድትቀመጥ አዘዙ። በማግስቱ ደግሞ ከጥምቀት መልስ፣ ጓሮ ለጓሮ ሶላራቸው የጠፋባቸውን አምስት ሴቶች ሰብስበው የባትሪ ዕቁብ አቋቋሙ። ጸሐፊዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ጠጋኙ ልጅ በየሦስት ወሩ እየመጣ እንዲያይላቸው ትንሽ ነገር ሊከፍሉት ተስማሙ። ስለ ሬማ ማንም አልነገራቸውም።

አጎቴ ቴፑን ይዞ ሲመጣ አያቴ ከበሩ መለሱት፤ «እሱ የሠርግ ነው፤ ይሄ የልጅቷ ነው» ብለው።

ስወጣ መርፌና ክሩ ወዴት ሄደ ብዬ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው ወደ መደቡ አመለከቱኝ። የኩራዙ ጣሳ ታጥቦ፣ ክሩ እሱ ውስጥ ተቀምጧል።